ወረቀቱን የሚገዛው ሕግ፣ ዶላሩን የሚገዛው ሕግ

ለፎገራ የሽንኩርትና የሩዝ አምራች የሚሸጥ የውሃ መሳቢያ ሞተር ከቻይና የሚያስመጣ የባሕር ዳር ነጋዴ፣ ከሻጩ እንዲህ የምትል አጭር ወረቀት ልትደርሰው ትችላለች፦ «ይህ የሐዋላ ወረቀት ለእይታ ከቀረበ ከ90 ቀን በኋላ ለእገሌ ወይም እሱ ላዘዘለት 40,000 የአሜሪካ ዶላር ይክፈሉ።» ፊቷ ላይ «ተቀብያለሁ» ብሎ እንዲፈርም ይጠየቃል። ዕቃው በዱቤ ስለመጣለት ደስ ብሎት ይፈርማል። በዚያች ፊርማ ግን በሁለት ሕጎች ሥር ገብቷል። ወረቀቱን የሚገዛው ሕግ «በቀኑ ክፈል» ይላል እንጂ ዶላሩ ከየት እንደሚመጣ አይጠይቅም። ዶላሩን የሚገዛው ሕግ ደግሞ ነጋዴው ስለፈረመ ብቻ ዶላር እንዲተላለፍለት አይፈቅድም። ከሁለቱ አንዱን ብቻ አይቶ የፈረመ ሰው ችግሩን የሚያውቀው መክፈያው ቀን ሲደርስ ነው። ይህን ጽሑፍ የማቀርበው ከጣና ዙሪያ ሰሊጥ፣ ጥራጥሬ፣ ቡና ወይም አበባ ለሚልኩና ማሽነሪም ሆነ የሆቴል ዕቃ ለሚያስገቡ ሁሉ፣ ከመፈረማቸው በፊት ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ እንዲያነቧቸው ነው።

ወረቀቱ

በአገራችን የሚተላለፉ የገንዘብ ሰነዶችን የሚገዛው የ1952ቱ የንግድ ሕግ አራተኛ መጽሐፍ ነው። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ የተካው የአሮጌውን አንደኛ፣ ሁለተኛና አምስተኛ መጽሐፍ ስለሆነ አራተኛው ዛሬም ይሠራል። «የንግድ ሕጉ እኮ ተለውጧል» ብሎ የድሮውን መጽሐፍ ከመደርደሪያው ያወረደ ሁሉ መልሶ ያስቀምጠው። አንቀጽ 715 የነገሩን መሠረት ይነግረናል፦ መብቱ ከሰነዱ ጋር ተዋሕዷል፤ ሰነዱ በሌለበት መብቱን ማስከበርም ለሌላ ማስተላለፍም አይቻልም። አንቀጽ 732 ከንግድ ሰነዶች ውስጥ የሐዋላ ወረቀትን (አንዱ ሌላውን «ክፈል» ብሎ የሚያዝበትን)፣ የተስፋ ሰነድን (ፈራሚው ራሱ «እከፍላለሁ» የሚልበትን)፣ ቼክንና በመጋዘን ለተቀመጠ ዕቃ የሚሰጠውን የመያዣ ሰነድ ይጠቅሳል።

የሐዋላ ወረቀት ምን ምን መያዝ እንዳለበት አንቀጽ 735 ይዘረዝራል፦ «የሐዋላ ወረቀት» የሚለው ቃል ወረቀቱ በተጻፈበት ቋንቋ በራሱ በጽሑፉ ውስጥ፣ ያለምንም ሁኔታ የተወሰነ ገንዘብ ለመክፈል የተሰጠ ትእዛዝ፣ የከፋዩ ስም፣ መክፈያው ጊዜ፣ መክፈያው ቦታ፣ ገንዘቡ የሚከፈለው ሰው ስም፣ የወጣበት ቀንና ቦታ፣ የአውጪው (ወረቀቱን ጽፎ ያወጣው ሰው፣ በእኛ ምሳሌ ሻጩ) ፊርማ። እነዚህ ባዶ የማሟያ መስመሮች እንዳይመስሏችሁ። ብዙ ጊዜ ወረቀቱን የሚያበላሸው «ያለምንም ሁኔታ» የሚለው ነው። ጠንቃቃ ነጋዴ ራሱን ለመጠበቅ ሲል «ዕቃው በደህና ከደረሰ» ወይም «ሞተሩ ተሞክሮ ከሠራ ይከፈል» ብሎ እንዲጻፍ ያደርጋል። ያን ጊዜ ወረቀቱ የሐዋላ ወረቀት መሆኑ ይቀርና ተራ የውል ሰነድ ይሆናል፤ የሻጩ ባንክም አይቀበለውም። በየወሩ እየተከፋፈለ ይከፈል የሚል የሐዋላ ወረቀትም እንዲሁ አይጸናም። በአራት ጊዜ መክፈል ከተፈለገ አራት ወረቀት ይውጣ። በፊደል የተጻፈውና በአኃዝ የተጻፈው ገንዘብ ከተለያዩ የሚጸናው በፊደል የተጻፈው ነው፤ ብዙ ጊዜ ተጽፎ ከተለያየ ደግሞ ትንሹ።

እንግዲህ ሞተሮቹ ደርሰው ግማሾቹ ተበላሽተው ቢገኙስ? እዚህ ላይ የውል ልማዳችን ያሳስተናል። በተራ ውል ቢሆን «ዕቃህ ብልሹ ነው፣ አልከፍልም» ማለት ያስኬዳል። የሐዋላ ወረቀቱ ግን እስከዚያ ድረስ በሻጩ እጅ አይቆይም። ሻጩ ጀርባው ላይ ፈርሞ ለባንኩ ሸጦታል፣ ቅናሽ አስቦ ገንዘቡን ወስዷል። በቀኑ ወረቀቱን ይዞ የሚመጣው ባንኩ ነው። ነጋዴው ከሻጩ ጋር ያለውን ጠብ በባንኩ ላይ መከላከያ አድርጎ ማቅረብ አይችልም፤ ባንኩ ወረቀቱን የያዘው ሆን ብሎ ነጋዴውን ለመጉዳት እንደሆነ ካላስረዳ በቀር። ስለዚህ ይከፍላል፣ ከዚያ ሻጩን በውሉ ይከሰዋል። ዋስትና የሚፈልግ ሰው ዋስትናውን ከመፈረሙ በፊት ይያዝ፦ ዕቃው ከመጫኑ በፊት የሦስተኛ ወገን የፍተሻ ምስክር ወረቀት ይጠይቅ፣ ወይም ከዋጋው የተወሰነውን ከወረቀቱ ውጭ አስቀርቶ ከሙከራ በኋላ እንዲከፈል በውሉ ያስገባ።

የቀን ነገር ለእኛ ከሌላው አገር ይልቅ ይከብዳል። የንግድ ሕጋችን በዚህ ክፍል የተከተለው እ.ኤ.አ. በ1930 በጄኔቫ የተደረሰውን ወጥ የሐዋላ ሕግ ነው፤ ያ ሕግ ደግሞ የዘመን አቆጣጠር ልዩነትን አስቀድሞ አይቶታል። ወረቀቱ የወጣበትና የሚከፈልበት ቦታ የዘመን አቆጣጠር ከተለያየ፣ የተቆረጠው መክፈያ ቀን የሚነበበው በሚከፈልበት ቦታ አቆጣጠር ነው። ሻጩ «10/05/2026» ብሎ ቢጽፍና መክፈያው ቦታ ባሕር ዳር ቢሆን፣ እሱ ያሰበው ግንቦት መጀመሪያ አካባቢ ነው፤ በእኛ ሲነበብ ግን ጥር 10 ቀን 2026 ዓ.ም. ይሆናል፤ ይህም በፈረንጆች ወደ 2034 ይወስደናል። ማንም ይህን ሆን ብሎ አይጽፍም፣ ግን ለክርክር በር ይከፍታል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ወሩን በስሙ መጻፍና «እ.ኤ.አ.» ማከል። «ከታየ በኋላ በ90 ቀን» ዓይነት ሲሆን ደግሞ «ተቀብያለሁ» ከሚለው ጎን ቀኑን መጻፍ ግድ ነው፤ መቁጠሪያው የሚጀምረው ከዚያ ነውና። መክፈያው ቀን በዓል ላይ ቢውል ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይሻገራል፤ ከዚያ ውጭ የችሮታ ቀን የለም። የህንድ ሻጭ በአገሩ ሕግ የሦስት ቀን ችሮታ ስለለመደ «ሦስት ቀን አለህ» ቢላችሁ፣ ባሕር ዳር ላይ ለሚከፈል ወረቀት አትመኑት።

በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ገንዘብ

ሁለቱ ሕጎች መጀመሪያ የሚገናኙት እዚህ ነው። በጄኔቫው መንገድ የሐዋላ ወረቀት በሚከፈልበት ቦታ በማይዘዋወር ገንዘብ ከተጻፈ፣ ተከፋዩ በመክፈያው ቀን ምንዛሪ ተሰልቶ በሚከፈልበት አገር ገንዘብ ሊከፈለው ይችላል። ዶላር የሚል ወረቀት ባሕር ዳር ላይ በብር ሊከፈል ይችላል ማለት ነው። ከፋዩ ከዘገየ ግን ምርጫው ወደ ባለወረቀቱ ይዞራል፦ የመክፈያውን ቀን ምንዛሪ ወይም በእርግጥ የተከፈለበትን ቀን ምንዛሪ፣ የሚሻለውን ይወስዳል። ብር እየወረደ በሚሄድበት ጊዜ ማዘግየት የሚያተርፍ የሚመስለው ሰው ይህን ድንጋጌ ይመልከት። አውጪው «በዚሁ በውጭ ገንዘብ ብቻ ይከፈል» ብሎ ከጻፈ ደግሞ በብር የመክፈል ዕድሉ ይዘጋል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ስለ ገንዘብ ዕዳ የሚናገረው ክፍል ተመሳሳይ መንገድ ይከተላል፤ አንቀጽ 1750ን አንብቡት።

ልዩነቱ በገንዘብ ምን ያህል እንደሆነ በቅርቡ ከሆነው እንየው። በ2016 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የባንኮች ምንዛሪ ለአንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በነሐሴ ከ100 ብር አለፈ። በግንቦት በ40,000 ዶላር ወረቀት ላይ «ተቀብያለሁ» ብሎ ፈርሞ በነሐሴ መክፈል ያለበት ሰው፣ ሲፈርም 2,280,000 ብር የመሰለው ዕዳ በመክፈያው ቀን ከ4,000,000 ብር በላይ ሆኖ ጠበቀው። ሞተሮቹን ግን በድሮው ዋጋ ሸጦ ጨርሷል። ስለዚህ በዱቤ የሚያስመጣ ሰው የመሸጫ ዋጋውን ሲተምን የፈረመበትን ቀን ምንዛሪ ብቻ ይዞ አይተምን፤ ብሩን እንደሰበሰበም ከባንኩ ጋር ስለመግዣው ቀን ይነጋገር።

አንዲት ትንሽ ነገር ደግሞ አለች። «ዶላር» ብቻ ብሎ መጻፍ አይበቃም። ስሙ አንድ ሆኖ ዋጋው የሚለያይ ገንዘብ በወጣበትና በሚከፈልበት አገር ካለ፣ የሚታሰበው የመክፈያው አገር ገንዘብ ነው። ከአውስትራሊያ፣ ከካናዳ ወይም ከሲንጋፖር የሚገዛ ሰው የማንኛውን ዶላር እንደሆነ ሙሉ ስሙን ያስጽፍ።

ዶላሩ

የሐምሌ 2016ቱ የብሔራዊ ባንክ መመሪያ፣ ኤፍኤክስዲ/01/2024፣ ብዙ ነገር ለውጧል። ባንኮችና ደንበኞቻቸው ምንዛሪውን ተነጋግረው ይወስናሉ። ላኪዎች ካመጡት የውጭ ምንዛሪ ለብሔራዊ ባንክ እንዲያስረክቡ የሚያስገድደው ቀርቷል፤ ላኪው በራሱ ሂሳብ የሚይዘው ድርሻም ከ40 በመቶ ወደ 50 በመቶ ከፍ ብሏል። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ባንክ ምንዛሪ እንዳይሰጥባቸው የታገዱት 38 የዕቃ ዓይነቶችም ተለቀዋል። ይህን የሰማ ብዙ ሰው «እንግዲህ ዶላር ነጻ ወጣ» ይላል። የተለቀቀው ዋጋው ነው። ዶላር ወደ ውጭ የሚያስተላልፈው ዛሬም የተፈቀደለት ባንክ ነው፤ ባንኩ የሚያስተላልፈውም የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ ቁጥር፣ ፕሮፎርማ ኢንቮይስ (ሻጩ አስቀድሞ የሚልከው የዋጋ መግለጫ)፣ የመድን ሰነድና የማስመጫ ፈቃድ አይቶ ነው። ላኪውም ከባንኩ የኤክስፖርት ፈቃድ ይወስዳል፣ ዋጋው ይታያል፣ ገንዘቡ በተቆረጠው ጊዜ መግባት አለበት።

ለመነሻችን ነጋዴ ወሳኙ የዱቤው ነገር ነው። ከውጭ ሻጭ የሚገኝ ዱቤ በምንዛሪ ሕጉ ዓይን ከውጭ የተወሰደ ብድር ቅርብ ዘመድ ነው፤ የብሔራዊ ባንክን የአቅራቢ ዱቤ ሥርዓት ማለፍ አለበት። በቅድሚያ ሳይፈቀድና ሳይመዘገብ የተፈረመ የ90 ቀን ወረቀት መክፈያው ሲደርስ ባንኩ «የትኛው ፈቃድ ላይ ልክፈል?» ይላል። መልስ የለም። ሻጩ በበኩሉ ፊርማውን ይዟል። ወረቀቱን ከመፈረም በፊት ወደ ባንኩ የውጭ ንግድ ክፍል ሄዶ መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ከፈረሙ በኋላ የሚሄዱት ለልመና ነው።

ይህን የሁለት ሕጎች ግጭት ዓለም ከ1944ቱ እ.ኤ.አ. የብሬተን ዉድስ የገንዘብ ስብሰባ ጀምሮ ያውቀዋል። የዓለም የገንዘብ ድርጅት መቋቋሚያ ስምምነት አንቀጽ 8፣ ንዑስ ክፍል 2(ለ)፣ የአንድን አባል አገር ገንዘብ የሚነካና ከዚያ አገር የምንዛሪ ቁጥጥር ደንብ ጋር የሚቃረን የምንዛሪ ውል በማንኛውም አባል አገር ፍርድ ቤት እንደማይፈጸም ይናገራል፤ ደንቡ ከስምምነቱ ጋር የሚስማማ እስከሆነ ድረስ። ኢትዮጵያ ከ1945 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል ናት። ስለዚህ «ውሉ በለንደን ሕግ ነው፣ የእኛ መመሪያ አይደርስበትም» የሚል ምክር ሲሰጣችሁ አትዘናጉ።

አንቀጹ በተግባር እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ያኔ የአገሩ የመጨረሻ ፍርድ ቤት ከነበረው ከእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት የ1982 እ.ኤ.አ. ውሳኔ የተሻለ አላውቅም፤ ዩናይትድ ሲቲ መርቻንትስ ከሮያል ባንክ ኦፍ ካናዳ ጋር የተከራከሩበት ነው። አንድ የፔሩ ኩባንያ ከእንግሊዝ የመስታወት ክር (ፋይበርግላስ) ማምረቻ ማሽን ገዛ። የፔሩ የምንዛሪ ቁጥጥር ጥብቅ ስለነበር ገዢው ሻጩን ዋጋውን እጥፍ አድርጎ ኢንቮይስ እንዲያወጣ ጠየቀው፤ የ331,043 ዶላሩ ማሽን 662,086 ዶላር ተባለ፣ ትርፉ ማያሚ ወዳለ ሂሳብ እንዲሻገር ታስቦ። ክፍያው በኤልሲ (ሰነዱ ተሟልቶ ሲቀርብ ባንክ ለሻጩ ሊከፍል ቃል በሚገባበት ደብዳቤ) ነበር። ፍርዱ ገንዘቡን ለሁለት ከፈለው። እውነተኛው ዋጋ ለማሽኑ የተከፈለ ስለሆነ ይከፈል ተባለ፤ የተጨመረው ግማሽ ግን በኤልሲ ልብስ የተሸፈነ የፔሩ ገንዘብ በዶላር ልውውጥ ነው ተብሎ ፍርድ ቤቱ አላስፈጽምም አለ። በዚያው ክርክር የቢል ኦፍ ሌዲንጉ (የመርከብ ጭነት ሰነዱ) ቀንም ተነሥቷል፦ ዕቃው የተጫነው ታኅሣሥ 16 ቀን 1976 እ.ኤ.አ. ሲሆን ሰነዱ 15 ይል ነበር፤ የመጨረሻው መጫኛ ቀን 15 ስለነበር። ሐሰቱን የጻፈው የመጫኛ ደላላው ሠራተኛ ነበር፣ ሻጩ አያውቅም ነበርና በዚህ ምክንያት ክፍያው አልተከለከለበትም። ሻጩ ራሱ ቢያውቅ ኖሮ ውጤቱ ሌላ ይሆን ነበር።

ይህ ፍርድ ለእኛ ሩቅ አይደለም። አስመጪ «ኢንቮይሱን ዝቅ አድርጉልኝ፣ ቀሪውን በጎን እልካለሁ» ሲል፣ ወይም ላኪ የሰሊጡን ዋጋ አሳንሶ ጽፎ ልዩነቱን በውጭ ሲያስቀር፣ በጎን ያለው ግማሽ ከየትኛውም ፍርድ ቤት ጥበቃ ውጭ ወጥቷል። ገዢው ቢክደው የሚጮኽበት የለውም። በአገር ውስጥ የሚጠብቀው ወንጀልና ቅጣት ደግሞ ራሱን የቻለ ነገር ነው። በግልጽ ልናገር፦ ይህን «ዘዴ» ብሎ የሚመክር ደላላ ነጋዴውን ያለ ጋሻ ነው የሚያስቀረው።

ኤልሲ ከጣና እስከ ጂቡቲ

ላኪ ከሆናችሁ ጥሩው መከላከያ ኤልሲ ነው፤ በሰነድ ካልተሳሳታችሁ። ኤልሲዎች የሚተዳደሩበት የዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ደንብ ዩሲፒ 600 ከሐምሌ 2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን 39 አንቀጾች አሉት። ባንክ የሚያየው ሰነድ ነው፤ ኬሻውን ከፍቶ ሰሊጡን አያይም። ሰሊጡ ወርቅ የመሰለ ቢሆን ሰነዱ ካልገጠመ አይከፈልም።

ከመተማና ከቋራ በጎንደር በኩል የሚወርደውን ሰሊጥ እንውሰድ። በልማድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 19 ቶን ያህል ይይዛል፤ በ50 ኪሎ ኬሻ 380 ኬሻ። ኤልሲው «19,000 ኪሎ» ቢል የዩሲፒ አንቀጽ 30 አምስት በመቶ ወደ ላይም ወደ ታችም ይፈቅዳል፤ ከ18,050 እስከ 19,950 ኪሎ ማለት ነው፣ የሚጠየቀው ገንዘብ ከኤልሲው መጠን እስካላለፈ ድረስ። «380 ኬሻ» ቢል ግን ያ አምስት በመቶ የለም፤ ሁለት ኬሻ ቢቀደድና ቢቀር ዲስክሬፓንሲ (ባንክ ሰነዱን የሚጥልበት ልዩነት) ነው። ስለዚህ ረቂቁን ስታዩ መጠኑ በክብደት እንዲገለጽ ጠይቁ፤ ወይም «በግምት» የሚል ቃል አስገቡ፣ ያ አሥር በመቶ ይሰጣል። ኢንቮይሱ ላይ የዕቃው መግለጫ ከኤልሲው ጋር መግጠም አለበት። ኤልሲው «የጎንደር ዓይነት ነጭ ሰሊጥ» ካለ ኢንቮይሱ «ሰሊጥ» ብቻ ማለት አይችልም፤ የማሸጊያ ዝርዝሩና ሌሎቹ ሰነዶች ግን እስካልተጋጩ ድረስ በጥቅሉ ቢሉ ችግር የለውም።

የስም አጻጻፍ የእኛ ልዩ ፈተና ነው። የከተማችን ስም በላቲን ፊደል አንዴ ተጣምሮ፣ አንዴ ተለያይቶ፣ አንዴ በ«አይ» አንዴ በ«ኤ» ይጻፋል። አድራሻ ላይ ያለ ልዩነት አገሩ አንድ እስከሆነ ድረስ በአንቀጽ 14 መሠረት አያስጥልም። የተረካቢና የማስታወቂያ ተቀባይ (ዕቃው ሲደርስ የሚነገረው ሰው) ስምና አድራሻ በማጓጓዣ ሰነድ ላይ ሲመጣ ግን እንደ ኤልሲው መሆን አለበት። የድርጅታችሁን የላቲን አጻጻፍ በንግድ ፈቃዱ ላይ እንዳለው አንድ ጊዜ ወስናችሁ ለትራንዚተሩም፣ ለፋይቶሳኒተሪ (የዕፅዋት ጤና) ምስክር ወረቀቱም፣ ለባንኩም ያንኑ ላኩ።

ከሁሉ የሚያስጨንቀው ጊዜ ነው። ሦስት ቀኖች አሉ፦ የመጨረሻው መጫኛ ቀን፣ ከመጫን በኋላ ሰነድ የሚቀርብበት ጊዜ፣ ኤልሲው የሚያበቃበት ቀን። ኤልሲው ሌላ ካላለ ሰነድ መቅረብ ያለበት ከተጫነ በ21 ቀን ውስጥ ነው። «ተጫነ» የሚባለው መርከቡ ላይ በጂቡቲ ነው እንጂ ባሕር ዳር ላይ መኪና ሲሞላ አይደለም። በወረታ፣ ደብረ ታቦር፣ ጋሸና፣ ወልዲያ፣ ሚሌ ብሎ ለሚሄድ መኪና ወይም በዓባይ በረሃ ወርዶ በአዲስ አበባ ለሚዞር መኪና መንገድ በሚዘጋበት ወቅት ያለው መዘግየት ሁሉ ከመጫኛ ቀኑ ላይ ይቀነሳል። «ለመጫን ተረክበናል» የሚል ቢል ኦፍ ሌዲንግ መርከብ ላይ የተጫነበትን ቀን የሚያሳይ ማስታወሻ ካልታከለበት አያገለግልም።

ኤልሲው የሚያበቃበት ቀን ባንክ ዝግ በሆነበት በገና ወይም በጥምቀት ላይ ቢውል ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይሻገራል። የመጨረሻው መጫኛ ቀን ግን አይሻገርም፤ ብዙ ላኪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሚያበቃበት ቦታም ይታይ። በቻይናዋ ቺንግዳኦ ወይም ቴል አቪቭ ባለው ባንክ መስኮት ላይ የሚያበቃ ከሆነ ሰነዱ በፖስታ የሚጓዝበት ጊዜ የእናንተ ኪሳራ ነው፤ በኢትዮጵያ ባንክ እንዲያበቃ ተደራደሩ። የባሕር ዳር ቅርንጫፍ ሰነዱን ተቀብሎ የሚመረምረው አዲስ አበባ ያለው የውጭ ንግድ ክፍል ከሆነም ያንን ጉዞ አስቡት። አንቀጽ 36 ደግሞ ከባድ ነው፦ በሁከት፣ በጦርነት ወይም ከባንኩ አቅም በላይ በሆነ ምክንያት ባንኩ ሥራ አቋርጦ ሳለ ያበቃ ኤልሲ፣ ባንኩ ሲከፈት አይከፈልም። በዚህ አካባቢ ሆኖ የሚልክ ሰው የኤልሲውን ዕድሜ ሰፋ አድርጎ ቢያስቆርጥ፣ ገዢው ጥቂት ኮሚሽን ቢጨምርበትም፣ ያዋጣዋል።

ባንኩ ሰነዱን ለመመርመር ያለው አምስት የባንክ የሥራ ቀን ነው። ከጣለው ስህተቶቹን ሁሉ በአንድ ማስታወቂያ ዘርዝሮ በዚያው ጊዜ ማሳወቅ አለበት። በስድስተኛው ቀን አዲስ ስህተት አገኘሁ ቢል መብቱን አጥቷል። ይህን የሚያውቅ ላኪ ማስታወቂያው የመጣበትን የስዊፍት (የባንኮች መልእክት መለዋወጫ) ቀን ይመዘግባል፣ የራሱ ባንክም ሰነዱን ለጣለው ባንክ መልስ እንዲሰጥለት ይጠይቃል።

ሲኤዲና የአበባው ሰነድ

ኤልሲ የማይከፍት ገዢ «ሲኤዲ ይሁን» ይላል፤ ሰነድ በባንክ በኩል ይሄዳል፣ ገዢው ሲከፍል ሰነዱ ይሰጠዋል። ይህ በዩአርሲ 522 (የዚያው የንግድ ምክር ቤት ሌላ ደንብ) የሚተዳደር የገንዘብ መሰብሰቢያ ነው፤ ባንኩ ለመክፈል ቃል አልገባም። ዘዴው የሚሠራው ሰነዱ ዕቃውን የሚወክል ሲሆን ነው። የባሕር ቢል ኦፍ ሌዲንግ «ለታዘዘለት» ተብሎ ከወጣ በጀርባ ፊርማ ይተላለፋል፤ ዋናውን ሳይዝ ዕቃውን የሚረከብ የለም። ብዙ ጊዜ በሦስት ዋና ቅጂ ስለሚወጣ ሦስቱም ወደ ባንኩ መግባት አለባቸው። አንዷ በፖስታ ለገዢው «ለፍጥነት» ከተላከች ገዢው ሳይከፍል ዕቃውን ያወጣል።

ከባሕር ዳር ዙሪያ በአውሮፕላን የሚላክ አበባ ግን ሌላ ነው። ኤርዌይ ቢል (የአየር ጭነት ወረቀት) የዕቃ ባለቤትነት ሰነድ አይደለም፤ አየር መንገዱ ዕቃውን የሚሰጠው ስሙ ተረካቢ ሆኖ ለተጻፈው ሰው ነው። ገዢው ተረካቢ ሆኖ ከተጻፈ ሰነዱ ባንክ ውስጥ ቢቀመጥም አበባው ተሸጧል። በአየር ለሚላክ ዕቃ ወይ ቅድሚያ ክፍያ ይሁን፣ ወይ የገዢው ባንክ ተስማምቶ ራሱ ተረካቢ ይሁን፣ ወይ በባንክ ዋስትና ይደገፍ። በመኪና ወደ ሱዳን የሚሄድ ዕቃ የጭነት ወረቀትም እንደ ኤርዌይ ቢሉ ነው።

በሲኤዲ ፋንታ ሰነዱ የሐዋላ ወረቀት ሲፈረም የሚለቀቅ ከሆነ፣ የገዢው ባንክ በወረቀቱ ላይ የዋስትና ፊርማ እንዲያኖር መጠየቅ ተገቢ ነው። ያ ፊርማ ባንኩን ከገዢው እኩል ባለዕዳ ያደርገዋል። ያለዚያ በእጃችሁ የቀረው የማታውቁት ሰው ፊርማ ብቻ ነው።

ቼክን በአጭሩ ልለፈው፦ በውጭ ንግድ ላይ ቦታው ትንሽ ነው፤ በአገር ውስጥ ወኪሎች ዘንድ ግን «ለዋስትና» ተብሎ ቀኑ ወደፊት የተጻፈ ቼክ ሲሰጥ ይታያል። ቼክ በቀረበ ጊዜ የሚከፈል ነው፤ የወደፊት ቀን ቢጻፍበትም ዛሬ ሊቀርብ ይችላል። ስንቅ (በሂሳቡ በቂ ገንዘብ) የሌለው ቼክ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስጠይቃል።

ሳይከፈል ሲቀር

ወረቀቱ በቀኑ ካልተከፈለ የመጀመሪያው ሥራ አለመከፈሉን በሕጋዊ መንገድ ማስመዝገብና ለፊርማ ባለቤቶቹ ማሳወቅ ነው። ጊዜው የሚቆጠረው በቀናት ነው። ምዝገባው ካልተደረገ በተቀባዩ («ተቀብያለሁ» ብሎ በፈረመው) ላይ ያለው መብት ይቆያል፤ በአውጪውና በጀርባ በፈረሙት ላይ ያለው ግን ይጠፋል። ወረቀቱ ላይ «ያለ ወጪ ይመለስ» የሚል ቃል ካለ ምዝገባው ይቀራል፣ ማሳወቁ ግን አይቀርም። የክስ ጊዜውም አጭር ነው፦ በተቀባዩ ላይ ከመክፈያው ቀን ሦስት ዓመት፣ ባለወረቀቱ በአውጪውና በጀርባ ፈራሚዎች ላይ አንድ ዓመት፣ ፈራሚዎች እርስ በርሳቸው ስድስት ወር። ከተራው የውል ክስ አሥር ዓመት ጋር አታምታቱት።

ፍርድ ቤት ሲኬድ ሙሉ ሙግት አያስፈልግም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 284 በሐዋላ ወረቀት፣ በተስፋ ሰነድና በቼክ ላይ የተመሠረተ የተወሰነ ገንዘብ ክስ በአጭር ሥነ ሥርዓት እንዲታይ ይፈቅዳል፤ ተከሳሹ መከላከያ ለማቅረብ መጀመሪያ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ለዚህ የሚያስፈልገው ዋናው ወረቀት ነው። ፎቶ ኮፒና በስልክ የተነሣ ምስል ክሱን አያቆምም። ወረቀቱ ከጠፋ ባለመብቱ ለፍርድ ቤት አመልክቶ የጠፋው እንዲሰረዝና መብቱ እንዲታወቅለት ማድረግ አለበት፤ ያም እስኪሆን ድረስ ከፋዩ ለሌላ አምጪ እንዳይከፍል በዚያው ቀን በጽሑፍ ይነገረው።